ግማሽ ኩንታል ነሽ ተብሏል

የቀለጠ ሰም ሽታ ሌላውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ያስታውሰዋል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ጋራዥ ነው። ትናንት ከሥር ያለው ጎረቤቴ የጋራዡን በር ከፍቶ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን ሰም ሲቀባ ሽታው በመስኮት ገባና ኩሽናዬን ሞላው። ሽንኩርቴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ወዲያው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ በገንፎ ተነፋ። ስኪን ከገንፎ ምን አገናኘው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

ኦክላንድ የገባሁት በመስከረም ነው። እናቴ ትዕግሥት ከእኔ አራት ዓመት ቀድማ ነበር የመጣችው። የእኔ ወረቀት ዛሬ ነገ ሲባል እኔ አዲስ አበባ አያቴ ጋ ቀረሁ። በነዚያ ዓመታት የምንተያየው በስልክ ቪዲዮ ነው፤ ስልክ ደግሞ የሚያሳየው ፊት ብቻ ነው። ኤርፖርት ስንገናኝ እናቴ ከአንገቴ በታች ያለውን ሰው አላወቀችውም። «እንዴ፣ ይሄ ሁሉ እግር የማነው?» አለች። ከዚያ አቅፋኝ ስታለቅስ ስትስቅ፣ ስታለቅስ ስትስቅ፣ ተሳፋሪው ሻንጣውን እየጎተተ በእኛ ዙሪያ እየዞረ አለፈ። ይዛልኝ የመጣችው ጃኬት እጅጌው ክርኔ ላይ አለቀ። ስንለያይ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በእሷ ልብ እዚያው ሰባት ላይ ቆሜ ነበር። ቴሌግራፍ የሚባለውን ጎዳና ስንሻገር እጄን ጭምድድ አድርጋ ትይዘኛለች። ካላጎረስኩሽ፣ ገላሽን ካላጠብኩሽ ትላለች። አይፈረድባትም፣ ግን እኔም ትልቅ ልጅ ነበርኩ።

ይህችን እናቴን ደግሞ የማገኛት በቁርጥራጭ ነው። በሥራ ቀናት አንድ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄዳ ትጠብቃቸዋለች። ማታ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ታሸልባለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስትተኛ አያታለሁ። ሌላው ልጅ ብስክሌት ይለምናል፤ እኔ ያን ዓመት ከእግዚአብሔር የምለምነው ከጠዋት እስከ ማታ ከእናቴ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ነበር። አንድ ብቻ። ስስታም ልጅ አልነበርኩም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቆየው ጋሼ ዑቅባይ ጋ ነው። ጋሼ ዑቅባይ ቴሜስካል በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት አፓርትመንት የመጀመሪያው ፎቅ ላይ፣ ከእኛ በታች የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አስመራ ተወልደው መርካቶ ያደጉ፣ ኦክላንድ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ። አማርኛቸው የመርካቶ ነው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ በትግርኛ «ጓለይ» ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ወሬ ይወዳሉ፣ ጉራም አይጠሉም። ሰው ሲያፍር ማየት ግን አይችሉም። አንድ ጎረምሳ ካፌ ውስጥ ኪሱን ሲዳብስ ካዩ እሱ ሳይቀላ እሳቸው ይቀላሉ፤ ከዚያ «የሱን ትናንት ከፍሏል» ብለው ያልተከፈለ ይከፍላሉ።

ኅዳር ላይ ከጓሮ ካለው ጋራዣቸው የጧፍ ሽታ መውጣት ጀመረ። ገርበብ ባለው በር ሳይ ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ጥለው፣ ረጅም ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ በካውያ ይተኩሳሉ። ሰሙን ጠብ ጠብ ያደርጉና ካውያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስኬዱበታል። ሰሌዳው ሁለት ነው፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቆለመመ። እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሰም አለ፣ ጾም ገብቷል፣ ሽማግሌ አለ፤ ታዲያ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ለቤተ መቅደሱ በር የሚሆን ነገር እየሠሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋራዡ ሳልፍ ቆም ብዬ አማትባለሁ፣ አንዳንዴም ጎንበስ ብዬ መቃኑን እሳለማለሁ።

አንድ ቀን ስሳለም ያዙኝ። «ምን ሆነሻል ጓለይ?» አሉ። ነገርኳቸው። ካውያውን አስቀምጠው፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ስኪ ምን እንደሆነ አስረዱኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላ በክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የስኪ ክለብ ሰዎችን በትልቅ አውቶቡስ ወደ ታሆ ተራሮች ይዘው ይወጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዎቹ እስኪመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብለው ይበርዳቸው ነበር። «አንድ ቀን ሰለቸኝና ጫማ ተከራየሁ። ቀኑን ሙሉ ስወድቅ ዋልኩ። በሳምንቱ ደግሞ ተመልሼ ወደቅሁ» አሉኝ። አሁን ከክለቡ ሰዎች ግማሾቹን እንደሚቀድሙ ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ሰዎቹ እንዳይሰሙ ይመስለኛል፣ ጋራዡ ውስጥ የሚሰማ የክለብ ሰው ባይኖርም።

ለገና ሰሞን ክለቡ ዕጣ ሲያወጣ ለጋሼ አዲስ የልጅ ስኪ ደረሳቸው። ቁመቱ ከእኔ አገጭ አይበልጥም። ከነላስቲኩ ተሸክመው መጥተው በራችንን አንኳኩ፤ እናቴ የዚያን ዕለት ማታ ቤት ነበረች። «ይሄ ለጓለይ ነው» አሉ። «ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የቅበላ ቅዳሜ ክለቡ ይወጣል። ሾፌሩ እኔ ነኝ፣ ሁለት ወንበር አስቀምጣለሁ። አንቺም ትመጫለሽ ቲጂ፣ ብቻዋን አልወስዳትም።»

እናቴ ስኪውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ስለ በረዶው ግድ አልነበረኝም፤ ጋሼ ወደ ጉድጓድ እንውረድ ቢሉም እሺ ባልኩ። እናቴም «ኦቨርታይም እተዋለሁ፣ ዴይ ኦፍ እጠይቃለሁ» አለች። «ግን ተንሸራቶ የሚያመልጥ ነገር ልጄ እግር ላይ አይገጠምም። ሲገጠም እኔ ባለሁበት ይሁን።» ስኪው ገና ልሙጥ ነበር። ጫማውን ጨብጦ የሚይዘው መቆለፊያ፣ ቢንዲንግ የሚሉት፣ ለብቻው ተመርጦ የሚገዛ ነው፤ የሚገጥመውም ባለሙያ ነው።

ጋሼ የሚያምኑት ሱቅ ሳን ሆዜ ነበርና እናቴ ፈቃድ በጠየቀችበት አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት በመኪናቸው ወረድን። እናቴ ብርድ ይመታታል ብላ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ በላዩ የራሷን ጃኬት አልብሳኛለች። ሳን ሆዜ ውስጥ ፀሐይ ነበር፤ ሳንታ ክላራ አካባቢ ሰዎች በቲሸርት ሲሄዱ በመስኮት እያየሁ እንደ ድንች ተቀቀልኩ። ሱቁ ውስጥ አንድ ፂማም ልጅ ስኪዬን ተቀበለንና ሁለት ቢንዲንግ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንዱ ቀይ፣ ትንሽ፣ ቀላል ነው። ሌላው ጥቁር፣ ጠንከር ያለ፣ ለታዳጊዎችም ለቀላል አዋቂዎችም የሚሆን ነው። እናቴ ሁለቱንም አንሥታ መዘነቻቸው፣ ጥርሳቸውን ገፋ ገፋ አደረገች። ሐብሐብ የምትገዛ እንጂ ቢንዲንግ የምትመርጥ አትመስልም ነበር። ጥቁሩን መረጠች።

ፂማሙ ልጅ ያስረዳ ጀመር፤ እናቴ እንግሊዝኛ ብታውቅም ጋሼ ሳይጠየቁ ያስተረጉማሉ። በቢንዲንጉ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፣ በመስኮቷ ውስጥ ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ከፍ ሲል አጥብቆ ይይዛል፣ ዝቅ ሲል ቶሎ ይለቃል። ልጅቷ ስትወድቅ ጫማዋን መልቀቅ አለበት፤ ካልለቀቀ ስኪው እግሯን ይዞ ይጠመዝዛል፣ አጥንት ይሰብራል።

«ሊለቅ ከሆነ ምኑን መቆለፊያ ሆነ?» አለች እናቴ።

«ስኪው ከሚሄድ እግሯ ይሂድ ነው የምትይው?» አሏት ጋሼ።

«አይ፣ እንደሱ አላልኩም። ይልቀቅ፣ ግን ዝም ብሎ እንዳይለቅ። ሲነግሩት ይልቀቅ።»

ልጁ ሳቀና ቁጥሩን ለመሙላት ጥያቄ ጀመረ። «ስንት ትመዝናለች?» አለ። ጋሼ ወደ እናቴ ዞረው በአማርኛ ደገሙት። እናቴ እኔን አየችኝ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ የፋሲካ በግ የሚገምት ሰው እንደሚያይ። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። አንገቷ ሥር ቀላ። ይህች ሴት በሥራ ቦታዋ የሰው እናት የሰው አባት በየሳምንቱ ሚዛን ላይ እያወጣች መዝና የምትጽፍ ናት፤ የልጇን ግን አታውቅም። ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል።

እኔ አውቀው ነበር። ትምህርት ቤት ልገባ ክትባት ስከተብ ነርሷ መዝናኝ፣ ሰባ አምስት ፓውንድ ብላ ጮክ ብላ ተናግራለች። ግን ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ጣልቃ መግባት አያቴ አላስተማረችኝም። አፌን ይዤ ቆምኩ።

ጋሼ የእናቴን አንገት አዩ። ሰው ሲያፍር ማየት እንደማይችሉ ነግሬያችኋለሁ። «መቶ አሥር ፓውንድ!» አሉ፣ በኩራት፣ ጨረታ እንደሚያሸንፍ ሰው። ልጁ ጃኬቴን አየና ጻፈ። ቁመቴንም እንዲሁ ለገሱ፤ ዕድሜዬ ላይም አንድ ዓመት መረቁኝ። በመጨረሻ «ጠንቃቃ ናት ወይስ ፈጣን?» ተባለ። ይሄኛውን እናቴ ራሷ ገባት፤ ልጅሽ ሰነፍ ናት ወይ የተባለች መሰላት። «ጎበዝ ናት በሉት» አለች፣ «ከክፍሏም ጎበዝ ናት።» በረዶ ላይ ቆሜ የማላውቀው ልጅ ፈጣን በሚለው ሥር ተመዘገብኩ። ልጁ ቁልፉን አሽከርክሮ ሲያጠብቅ መስኮቷ ላይ አምስት ቁጥር ቆመች። ወደ ቤት ስንመለስ ሦስታችንም ደስ ብሎን ነበር።

ደስታው የቆየው ትምህርት ቤት እስከተዘጋበት ሰኞ ድረስ ነው። የዚያን ዕለት ጋሼም ቤት ስላልነበሩ እናቴ ሥራ ቦታዋ ወሰደችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ ሽማግሌዎቹን ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው የሚመዝኑበት ሰፊ ሚዛን ላይ አቆመችኝ። ሰባ አምስት። ዝቅ ብላ እንደገና አየችው፤ ውረጂ አለችኝ፣ ውጪ አለችኝ። ያው ሰባ አምስት ነው። ከዚያ በስልኳ ወደ ኪሎ ቀየረችው፣ የጋሼንም ቀየረችው።

«ሠላሳ አራት ኪሎ» አለች። «ጋሼ ዑቅባይ እኮ ሃምሳ ነው ያሉት። ግማሽ ኩንታል ነሽ ተብሏል።»

«ታዲያ ሱቁ ጋ ደውለን እንንገራቸው» አልኳት።

«ምን ብዬ? እሳቸው ለእኔ ብለው የተናገሩትን ሄጄ ውሸት ነው ልበል? በአገር ምድሩ ፊት ሽማግሌ ላሳጣ?» ከዚያ፣ ለሚዛኑ የምትነግር ይመስል፣ «የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አይደል? ትደርሳለች» አለች።

እንዲህ ነው እንግዲህ ገንፎው የመጣው። ቢንዲንጉን ወደ እኔ ማውረድ ሲቻል፣ እናቴ እኔን ወደ ቢንዲንጉ ልታወጣኝ ተነሣች። ጠዋት ገንፎ፣ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የተንጣለለበት። ለትምህርት ቤት የለውዝ ቅቤ በወፍራሙ። ማታ ከሥራ ስትገባ ከመተኛቷ በፊት እንቁላል ጠብሳ «ይቺን ብቻ» ትላለች። ቅበላ እየቀረበ ነበርና ማን ይከለክላታል? የቤት ሚዛን ገዝታ መታጠቢያ ቤት አኖረች። ስትመዝነኝ ጫማዬንና ጃኬቴን አታስወልቀኝም። «በረዶ ላይ ራቁትሽን አትሄጂ፣ ይሄም ይቆጠራል» ትላለች። ነገሩን ሳስበው ትክክል ነበረች።

እኔም በበኩሌ ተጨንቄ እበላ ነበር። መስኮቷ ላይ ያለችው አምስት ቁጥር የእኔን ክብደት የምታውቅ ይመስለኝ ነበር። ካልደረስኩ ስኪው እንደያዘኝ ይቀራል ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ለዘላለም። ስኪ እንዳደረግሁ አውቶቡስ ስሳፈር፣ ስኪ እንዳደረግሁ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ፣ አልጋ ላይ እግሬን ወደ ጣሪያ አቁሜ ስተኛ ይታየኛል። ትዳርም ይቸግራል ብያለሁ። ግን ብናገር ጉዞው ይቀራል፣ ጉዞው ከቀረ ቀኔ ይቀራል፤ ስለዚህ ገንፎዬን እውጣለሁ።

ጋሼ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋራዡ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው ያሠለጥኑኛል። የመጀመሪያው ትምህርት መውደቅ ነው። «በጎንሽ ውደቂ፣ እጅሽን አትዘርጊ፣ እንደ ባለጌ ተዘርግተሽ ሳቂ» ይላሉ። አንድ ቀን ስኪውን አስረው «እስቲ እግርሽን በኃይል አዙሪው፣ ሲለቅ እንየው» አሉኝ። አዞርኩት። ቢንዲንጉ ንቅንቅ አላለም። ራሳቸው ይዘው ገፉት፤ ከስኪው ጋር አብሬ ተገፋሁ እንጂ አልለቀቀም። ጎንበስ ብለው መስኮቷን አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ያን ዕለት ጃኬት አልለበስኩም።

«አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለሰልሳል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቢንዲንጉ አላነሡም። ግን በማግሥቱ ሻዬ ላይ ስኳሩ በዛ፣ አምባሻው ወፈረ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሥጋ ያለበት ፓስታ ይጠብቀኝ ጀመር። «ልጅ ስታድግ መብላት አለባት» ይላሉ ወደ ግድግዳው እያዩ። ከላይ እናቴ፣ ከታች ጋሼ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ይቀልቡኛል። ቁጥሩ የእኔ እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን፣ ሦስታችንም ዝም ብለናል። እናቴ ጋሼን ላለማሳጣት፣ ጋሼ እናቴን ላለማሳፈር፣ እኔ ቀኔን ላለማጣት። እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ ውስጥ እግር ቢሰበር ማን ይጠየቃል?

የቅበላው ቅዳሜ ደረሰ። ገና ሳይነጋ ተሳፈርን፤ እናቴ ከአውቶቡሱ ፊት፣ ከጋሼ ኋላ፣ እኔ አጠገቧ። ትከሻዋ ላይ ተደግፌ መንገዱን ሁሉ እንዳልተኛ ታገልኩ፣ ቀኔን እንቅልፍ እንዳይበላብኝ። ተራራው ጋ ስንደርስ ግን አፌን ከፈትኩ። እኔ በረዶ የማውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ሮጠን የምንጠለልበትን ነው። ይሄኛው ድምፅ የለውም። ዛፉ ላይ፣ መኪናው ላይ፣ አጥሩ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እናቴ ጓንቷን አውልቃ ነካችውና «ውይ፣ ደረቅ ነው» አለች። በዚያች ሰዓት እንደ እኔ ልጅ ነበረች።

ጫማዬን አሰሩልኝ። የክለቡ ሰዎች ሁሉ ወጡ። እኛ ግን ከእንግዳ ማረፊያው ወንበር አልተነሣንም። ጋሼ «እስቲ ፀሐይ ትሙቅ» አሉ። ሞቀች። እናቴ «ሻይ ትጠጣ» አለች። ጠጣሁ። ጋሼ «ጓለይ፣ መንሸራተቻ ላስቲክ የሚባልም አለ፣ ቁጭ ብለው የሚወርዱበት፣ እሱም ደስ ይላል» አሉ። እናቴ ቶሎ ብላ «እውነትዎን ነው፣ እሱ ይሻላል» አለች። ሁለቱም ስኪውን አያዩም። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት ነበር። ለወራት የለመንኩት ቀን እዚያ ሰዓት ውስጥ እየሄደ ሳየው እንባዬ መጣ።

«እማዬ፣ ቀናችን እያለቀ ነው እኮ» አልኳት።

እናቴ ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ኩባያዋን አስቀመጠች። ተነሣች፣ ስኪዬን ብድግ አድርጋ ተሸከመችና ዕቃ የሚጠግኑበት መስኮት ጋ ሄደች። ጋሼ ሊያስተረጉሙ ከኋላ ሲነሡ በእጇ ቁጭ ይበሉ አለቻቸው። እኔ በዚያ ከባድ ጫማ ቀጭ ቀጭ እያልኩ ተከተልኳት። ከመስኮቱ ወዲያ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ነበረች። እናቴ ሥራ ቦታዋ በምትናገረው ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ነው የነገረቻት።

«ይሄ ቁጥር የልጄ አይደለም። ልጄ ሰባ ዘጠኝ ፓውንድ ናት፣ ከነጃኬቷ። በረዶ ላይ ቆማ አታውቅም። ሲጠይቁኝ አላውቅም ነበር። ስታድግ አብሬያት አልነበርኩም።»

ከኋላችን ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉም ሰሙ። እናቴ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ሴትዮዋ ጥቂት ነገር ጠየቀችን፣ ቁመቴን ለካች፣ ከዚያ ጠመንጃ መፍቻዋን አንሥታ ከፊትም ከኋላም ያሉትን ቡሎኖች አላላች፣ በመሣሪያ ሞከረችው። መስኮቷ ላይ ሁለት ቁጥር መጣች። ያን ሁሉ ገንፎ የበላሁለት ነገር ሻይ እስኪቀዳ እንኳ አልፈጀም።

ጋሼ መቀመጥ አቅቷቸው አጠገባችን ደርሰው ነበር። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ቲጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አፌ አመለጠኝ» አሉ።

«እርስዎማ ገመናዬን ነው የሸፈኑልኝ ጋሼ» አለቻቸው። «ብቻ የሸፈኑት በልጄ እግር ሆነ እንጂ።» ጋሼ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሁለቱም ወረፋው መሐል በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ስለ ፓስታው ስነግራት ደግሞ እናቴ መቆም አቃታት።

ወጣን። ጋሼ እጄን ይዘው ዝቅተኛዋ ጉብታ ላይ አወጡኝ። እናቴ ከታች በተራ ጫማዋ ቆማለች፣ እጆቿን ዘርግታ፣ እየበረርኩ የምመጣ ይመስል። ጋሼ ለቀቁኝ። ትንሽ ሄድኩ፤ በጣም ትንሽ። ከዚያ አንዱ ስኪ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ አለና በጎኔ ወደቅሁ። ቀጭ፣ ቀጭ። ሁለቱም ለቀቁኝ። እግሬ የራሴ ሆኖ በረዶው ላይ ተዘርግቶ አየሁት። እናቴ እየተንሸራተተች፣ በእጇ እየዳኸች፣ ጉብታውን ወጥታ ስትደርስ ቁልቁል ተደፋችብኝ።

«ለቀቀሽ?»

«ለቀቀኝ።»

«ደግ አደረገ» አለች። ላዬ ላይ ያለውን በረዶ አራገፈችልኝና፣ እጄን ሳትይዝ፣ «በይ ተነሺ፣ ከላይ ጀምሪ» አለችኝ። ፀሐይ እስክትገባ ወደቅሁ፤ ከሰዓት ላይማ ሳልወድቅ ታች የደረስኩበትም ጊዜ ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ተኛ። እናቴ አልተኛችም። እንደዚያ ነቅታ አይቻት አላውቅም። ወደ እኔ ዞራ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሩትዬ፣ ሌላስ የማላውቀው ምን አለ?» አለችኝ።

በግራ እጄ እንደምጽፍ ነገርኳት። የመጨረሻ ወተት ጥርሴን ዳቦ ስበላ እንደዋጥኩት ነገርኳት። ሳቀች። እጅጌዬን ሰብስቤ ደግሞ ክንዴን አሳየኋት፤ ስምንት ዓመቴ ላይ ከግንብ ወድቄ ተሰብሮ፣ ሲጠገን ትንሽ ጎበጥ ብሎ የቀረውን። ያኔ በቪዲዮ ስንነጋገር አያቴ ጄሶውን በነጠላ ሸፍናብኝ ነበር። እናቴ እጇን አጥንቱ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ እንዳትጨነቅ ተብሎ ነው።»

ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ክንዴን ግን አልለቀቀችም።

«እሺ» አለች። «ሌላስ?»